ጥላሁን ያልሰማው ስንብት

ምሳቸውን ይዤ ምን አለሽ ተራ፣ ብረት መቀጥቀጫቸው ስደርስ ባሌ ሙህዲንና ጎረቤቱ ዘውገ መዶሻ እንደያዙ ይጯጯሃሉ። ዛሬ ደም ይፈሳል አልኩ።

ጠዋት ሬዲዮው የክለባችን አሰልጣኝ ጥላሁን መሰናበቱን ተናግሯል። ጥላሁን የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ትናንት እናቱን ቀብሮ አማኑኤል ሰፈር ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

"ዘግይተዋል!" አለ ሙህዲን። "ገና አምስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ነበር ማባረር!"

"ያኔ ያባርሩት ነበራ!" አለ ዘውገ። " እናቱን አፈር ባለበሰ ማግስት ነው? ድንኳኑ እስኪነሳ መጠበቅ አቃታቸው?"

"ኳስ ለቅሶ አይጠብቅም። እሁድ ጨዋታ አለ።"

"አንተ እናትህን ቀብረህ ስትመለስ ቦታህን ለሌላ ሰጥቼ ልጠብቅህ?"

"እናቴን አታንሳ!" ሙህዲን ተነሳ።

"በቃ!" ብዬ መሀላቸው ገባሁ። "ለቅሶ አብረን እንሄዳለን ተባብለን የለ? መዶሻውን አስቀምጡና ተነሱ!"

መንገዱን ሁሉ ተኮራርፈው ሄዱ። ድንኳኑ በር ላይ የጥላሁን ታላቅ ወንድም ብሥራት አስቆመን።

"መባረሩን አልሰማም፤" አለ በሹክሹክታ። "ስልኩን ደብቀንበታል። ደም ግፊት አለበት፣ አንድ ነገር ይሆንብናል። አደራ።"

ሙህዲን አፉን መያዝ አያውቅም። ሰውየውን ይገድለዋል ብዬ ክንዱን ቆነጠጥኩት።

"አላህ ያጥናህ" ብለን ጥላሁን አጠገብ ተቀመጥን። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

"ምነው ሙህዲን?" አለ ጥላሁን። "በየጨዋታው ስትሰድበኝ ከርመህ ዛሬ ዝም?"

ሙህዲን ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሁድ ያንን የግራ ተከላካይ ካሰለፍከው አልምርህም! አህያ እንኳ ከሱ በላይ ይሮጣል።"

ጥላሁን ፈገግ አለ። ከንፍሮው ሽምብራ እያነሳ ፍራሹ ላይ ይደረድር ጀመር። "ይሄ በረኛ። እዚህ ጋ ጃፋርን አስገባለሁ።"

"ጃፋር አጭር ነው!" ሙህዲን ሽምብራውን ገፋው። ጥላሁን መለሰው። እንደ ወትሮው ተከራከሩ። ዘውገ መቀመጥ አቅቶት ወጣ፤ ትንሽ ቆይተን እኛም ተከተልነው።

ውጭ ብሥራት የሙህዲንን እጅ ያዘ። "አንተን ይሰማሃል። ድንኳኑ ሲነሳ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነህ አንተ አርዳው።"

"እኔ?" ሙህዲን ደም ሥሩ ተገተረ። "ሲያሸንፍ አጠገቡ ፎቶ የሚነሱት የቦርድ ሰዎች የት ሄዱ? ያባረሩት እነሱ፣ እኔ ላርዳው? መጥተው ፊቱን እያዩ ይንገሩት!"

አፉን በእጄ ከደንኩት። ድንኳን ግን ያው ሸራ ነው።

"ሙህዲን!" አለ ጥላሁን ከውስጥ። "ማንን ነው ያባረሩት?"

"ጊዜ አገኘህለት!" አለ ዘውገ ጥርሱን እያፋጨ።

ሙህዲን እጄን ከአፉ አንስቶ ተመልሶ ገባ።