በእናቴ በኩል

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አካለ ወልድ ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሞጣ የመጣ ወጣት ነበር፤ ተማሪ ማከራከር ይወዳል። አንድ ቀን ጠመኔውን በጣቱ እያሽከረከረ «ዜግነታችሁን ራሳችሁ ብትመርጡ የየት አገር ሰው መሆን ትፈልጋላችሁ?» አለን። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ አሜሪካዊ ሆነ፣ ሌላው ጃፓናዊ። ንግስት የምትባለው ጓደኛዬ ስዊድን ካርታው ላይ የት እንዳለች ሳታውቅ ስዊድናዊት ሆና ቁጭ አለች። ተራው እኔ ጋ ሲደርስ «ሳብሪያ፣ አንቺስ?» አለኝ። «ይኼ ጨዋታ አይደለም» ብዬው ተቀመጥኩ። በልቡ ባለጌ ሳይለኝ አልቀረም። ይበለኝ።

ለእነሱማ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ወይ ኢትዮጵያዊት እባላለሁ፣ ወይ አይቼው ወደማላውቀው አገር እሄዳለሁ።

አባቴ ሙሐመድ የመኒ ነው። በወጣትነቱ መጥቶ ሞጣ ላይ አቡጀዲና ስኳር ሲሸጥ ኖረ። እናቴ አምሳለች ፋንታ የቢቸና ክርስቲያን ልጅ ነበረች። ገበያ መጥታ አየችው፣ ወደደችው፣ ከወገኖቿ ሸሽታ አገባችው። ባለፈው ሰኔ ሞተችብን። እሷን ከቀበርን በኋላ አባቴን ሱቁ አስጠላው፤ የአገሩ ጦርነት መብረዱን በሬዲዮ ሲሰማ ደግሞ ልቡ ጨርሶ ሸፈተ። የሱቁን ዕቃ መሸጥ ጀመረ። እኔ የምኖረው በእሱ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ እሱ አገር ከለቀቀ እኔም እለቃለሁ።

«እዚያ ዘመዶች አሉሽ፣ ይወዱሻል» ይለኛል። የሚወዱኝን ሰዎች አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። ዐረብኛ የማውቀው ለሶላት የሚበቃኝን ያህል ነው። ሞጣ ውስጥ «የዐረቡ ልጅ» ይሉኛል፤ የአባቴ አገር ሰዎች ሊጠይቁን ሲመጡ ደግሞ «ሐበሻዋ» ይሉኛል። ሁለቱም ያናድደኛል። ግን የእናቴ መቃብር ያለው እዚህ ነው፤ ጥዬው መሄድ አልፈልግም። ነገሩ ይኸው ነው።

መንገዱ አንድ ብቻ ነበር። አባቱ የውጭ ሰው የሆነ ልጅ በእናቱ በኩል ኢትዮጵያዊ ልባል ካለ፣ የእናቱ ወገን ዳኛ ፊት ቆሞ «የእኛ ነው» ብሎ መመስከር አለበት አሉን። ለእናቴ የቀራት ወገን ታላቅ ወንድሟ ባዘዘው ነው። ባዘዘው ደግሞ እናቴ እስላም ያገባች ጊዜ «እህቴ ሞታለች» ብሎ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው ነው። መቀመጥ ብቻ አይደለም፤ በሬ ጥሎ፣ ካህናት ጠርቶ፣ በቁሟ ተዝካሯን አውጥቶላታል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ስሟን የሚያነሳ የለም።

አባቴ ቢሄድ ነገሩ እንደሚበላሽ ስላወቅን ይዞኝ ቢቸና የሄደው ጎረቤታችን ነጋዴው አባባ እንድሪስ ነበር። ዘር ማንዘሩ ሞጣ ተወልዶ ሞጣ የተቀበረ ሰው ነው፤ ሆኖም እስላም ስለሆነ እንግዳ ሹም በመጣ ቁጥር «አገርህ ወዴት ነው?» ይሉታል። ጭነት መኪናው ላይ ከጤፍ ጆንያ መሀል ተቀምጠን የአስተማሪዬን ጥያቄ ነገርኩት። ሳቀ።

«እኔን ማን ጠይቆኝ መረጥሁ? ቢጠይቁኝም ይችኑ ሞጣን እል ነበር። አንቺ ግን ስትጠየቂ እንደኔ አታሹፊ፤ ቀጥ ብለሽ ተናገሪ» አለኝ።

ባዘዘው ከቤቱ አላስገባንም። ረዥም፣ መልከ መልካም ሽማግሌ ነው፤ አፍንጫው የእናቴ አፍንጫ ነው። አጥሩ በር ላይ እንደቆመ አባባ እንድሪስን ብቻ እያየ ሰማው። እኔን አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረገኝና ወዲያው ዐይኑን ሰበረ።

«ልጅቱ ምን በደለች? ቃልዎን ብቻ ነው የምንለምንዎ» አለው አባባ እንድሪስ።

«ነገ ችሎት እመጣለሁ። አንዲት ቃል ተናግሬ እወጣለሁ። ከዚያ በኋላ በዚህ በር እንዳትደርሱብኝ» አለና ገባ።

ስለ እናቴ አንዲት ነገር አልጠየቀም። ይኼ አንጀቴን አሳረረው። ደህና ናት ወይ፣ ምን ሆና ሞተች፣ አይባልም? ጨካኝ ነው አልኩ በልቤ። አባባ እንድሪስ ግን «ቃል ሰጥቷል፣ ጎጃሜ ቃሉን አያጥፍም» ብሎ ደስ ብሎት አደረ።

በማግስቱ ችሎቱ በባለጉዳይ ጢም ብሎ ነበር። አብዛኛው የመሬት ተከራካሪ ነው፤ ጋቢውን እያጣፋ ተራውን ይጠብቃል። ዳኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «እናትሽን አስረጂ» አለኝ።

ለዚህች ቀን ተዘጋጅቻለሁ። እናቴ ከቢቸና ስትወጣ ከለበሰችው ቀሚስ በቀር የያዘችው ነገር የአባቶቿን ስም ብቻ ነበር፤ ጸጉሬን ስታበጥረኝ ታስቆጥረኝ ነበር። ስሳሳት ጸጉሬን ጎተት ታደርገኛለች። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ቆምኩና ቆጠርኩት። «እናቴ አምሳለች ናት። አምሳለች የፋንታ ልጅ፣ ፋንታ የገብረ ኪዳን፣ ገብረ ኪዳን የበላቸው…» እያልኩ አንድም ሳልስት መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ዘለቅሁ።

ችሎቱ ጸጥ አለ። እኔ የተደነቁ መስሎኝ ኩራት ተሰማኝ። ዞር ስል አባባ እንድሪስ ፊቱ አመድ መስሏል።

እሱ ነጋዴ ነው፣ እኔም የነጋዴ ልጅ ነኝ፤ የባለ ርስትን ወግ ከየት እንወቀው? ቢቸና ላይ ዳኛ ፊት ቆሞ እስከ አቅኚው አባት የሚቆጥር ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የርስት ድርሻውን። ከኋላዬ «ለካ መሬት ፈልጋ ነው» የሚል ጉርምርምታ ተነሳ። ባዘዘው ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ጌታዬ፣ እኔ እህት የለኝም» አለ። «አንዲት ነበረችኝ፣ ሞታለች። ተዝካሯን አውጥቻለሁ። ካህናት ምስክሬ ናቸው።»

«መቼ ሞተች?»

ዓመቱን ተናገረ። እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አንስቶ ፈገግ አለ፤ ከኋላ ያሉትም ሳቁ። የሞተች ሴት ወለደችኝ ማለት ነው፤ እንዲያ ከተጻፈ ደግሞ አለቀልኝ።

«መሬት አልፈልግም!» አልኩ። ጮኼ ኖሯል። «ጌታዬ፣ አንዲት ጋት አልፈልግም። መሬቱ የሳቸው ይሁን። አገሩን ብቻ ይስጡኝ። አስምሉኝ፣ እምላለሁ።»

«በምን ትምላለች?» አለ ባዘዘው፣ አሁንም እኔን ሳያይ ለዳኛው። «በመስቀል አትምል። በቁርኣን ብትምል እኔን አያስረኝም። ዛሬ የእህቴ ልጅ ናት ካልሁ፣ ነገ ባሏን ይዛ መጥታ ከፋንታ መሬት አካፍለኝ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ዳኛው ወደኔ ዞረ። ፊቱ ክፉ አልነበረም፤ የባሰው እሱ ነው። «ልጄ፣ ከወገን የሚመሰክርልሽ ሌላ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው እኔ ምን ላድርግ?» አለና መዝገቡን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። አባቴ ሣጥኖቹን ሲያስር፣ እኔ ከኋላው መኪና ላይ ስወጣ ታየኝ።

ያኔ ባዘዘው እንደገና ተናገረ። ቅድም ሲናገር ድምፁ የተከራካሪ ነበር፤ አሁን ግን የተቆጣ ወንድም ድምፅ ነው። «ለምን ልጅ ትልካለች? ፈርታ ነው? ራሷ ትምጣ። አምሳለች መጥታ ፊቴ ቆማ መሬቱን ትቼልሃለሁ ትበለኝ። የሷን ቃል አምናለሁ።»

ዳኛው እጁ መዝገቡ ላይ ቀረ። «ሞታለች ብለህ አልነበረም?»

ባዘዘው ወደ በሩ ዞረ። በሩን ያያል። ያን ሁሉ ሰው እያለፈ በሩን ያያል፤ አሁን የምትገባ መስሎታል። የዚያን ጊዜ ገባኝ። ስለ እናቴ ያልጠየቀኝ ጨክኖ አልነበረም፤ ኩራቱ ይዞት ነው እንጂ በልቡ እሷ በሕይወት ሞጣ ያለች፣ ከባሏ ጋር የምትኖር፣ እሱን ፈርታ ያልመጣች ናት። ተዝካር ላወጣ ሰው ደግሞ ማን መርዶ ይነግራል? ሞጣና ቢቸና መሀል ስንት ሰው ሲመላለስ፣ ሁሉም እሱ ሰምቷል ብሎ ወይም ፈርቶ ዝም ብሏል። አባባ እንድሪስም እንደኔው ያውቃል ብሎ ነበር።

«አትመጣም» አልኩት። ደገምኩት። «አትመጣም ጋሼ። ሰኔ ላይ ሞተች።»

አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ።

«ማን?» አለ።

«እናቴ። አምሳለች።»

«እህቴ?» አለ፤ ከዚያም ከወንበሩ ሳይደርስ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ ተነስቶ ከጎኑ ቁጭ አለ። ባዘዘው አላለቀሰም መጀመሪያ፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቆ ለበሰው፤ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

ዳኛው ጸሐፊውን ቀስ ብሎ «ጻፍ» አለው። «ምስክሩ እህቴ ብሏል። ልጂቱም የእህቱ ልጅ ናት።»

አገኘሁት። ለዚያ ነበር የመጣሁት፤ ግን ደስታው አልመጣልኝም። ተናድጄበት አድሬ፣ ተናድጄበት ቆሜ፣ አሁን የማዝንለት ሆንኩ፤ ይኼም ራሱ አናደደኝ።

ወደ ውጭ ደግፈን አወጣነው። የችሎቱ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ መሬቱ አንዲት ቃል አላነሳም። እጄን ያዘኝና «በደንብ ተለቀሰላት?» አለኝ።

«ሞጣ ሁሉ አለቀሰላት። እስላሙም ክርስቲያኑም።»

«ከወገኗስ?» አለ። «ስትቀበር ከወገኗ ማን ነበረ?»

«እኔ ነበርሁ» አልኩት።