የኢልሲ ሪዝ

«አትነቃነቂ! ጉንጉኑ ጠማማ ከሆነ አያትሽ የሚጠይቁት እኔን ነው!» አለች ኒዲያ፣ ማበጠሪያውን በጥርሷ ነክሳ።

የአምስት ዓመቷ ኢልሲ ግን አትነቃነቂ ስትባል ይብስባታል። አንዴ ቀዩን ሪባን ትጎትታለች፣ አንዴ ከጥልፍ ሸሚዟ ክር ትመዛለች። የጓዳሉፔ እመቤታችን በዓል ጠዋት ሳልካሃ ከተማ ውስጥ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ይታመሳል። ወንዶቹ እንደ ገበሬ ነጭ ሱሪ፣ ቀይ መቀነትና የሣር ባርኔጣ ያደርጋሉ፤ ከአፍንጫቸው ሥር በከሰል ሪዝ ይሳልላቸዋል። ሴቶቹ የጥልፍ ሸሚዝና ረጅም የሽመና ጉርድ ይለብሳሉ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ በቀጥታ ፎቶ ቤት ነው።

የኒዲያ ጭንቅ ፎቶው ነው። አማቷ ዶኛ ትራንሲቶ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆች ሰቅለዋል፤ ሁሉም በዚሁ ልብስ፣ ሁሉም ፈገግ ብለው። የኒዲያ ሁለቱ ብቻ የሉም። አምና ዳኒሎ ሪዙን ልሶ ልሶ አገጩን አጠቆረና ለቅሶውን ለቀቀው፤ ኢልሲ ደግሞ ለካሜራው ጀርባዋን ሰጠች። አማትየው ፎቶውን አዩና «ጥሩ ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ያቺ «ጥሩ ነው» ኒዲያን ዓመቱን ሙሉ ስታንገበግባት ከረመች። ለነገሩ ምራታቸው ከሆነች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሴትየዋ አንድ ቀን እንኳ ቤቷን ረግጠው አያውቁም። ዘንድሮ ልጆቼ ካልተሰቀሉ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች።

«ኤልመር! የዳኒሎን ሪዝ ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ! ዘንድሮ ይልሰው እስቲ!» አለ ባሏ ከጓዳ።

አነጋገሩ አላማራትም። የአራት ዓመቱ ዳኒሎ እየተጀነነ ብቅ አለ። ሪዙ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ወደ ጆሮ የተጠቀለለ ነው። ጣቷን በምራቅ አርሳ ልታስተካክለው ሞከረች፤ ወይ ፍንክች!

«በምንድን ነው የሳልከው?»

«በማርከር። ሥራ ቦታ የክር ካርቶን ላይ በምጽፍበት። ዝናብ እንኳ አያስለቅቀውም።»

«አንተ ሰው! ልጁ ካርቶን ነው እንዴ?»

«አምና በከሰል ሆኖ ያየነውን ረሳሽው? ላንቺው ብዬ እኮ ነው!»

በሳሙና አሸችው፣ በዘይት አሸችው። የልጁ ከንፈር ቀላ እንጂ ሪዙ ከነግርማው ቁጭ አለ። ይሁን፣ ለወንድ ልጅ ሪዝ ምን አለበት ብላ ራሷን አጽናናች። ዞር ስትል ግን ኢልሲ ወንበሩ ላይ የለችም፤ ድምፅም የለም። ልጅ ዝም ሲል ደግሞ መዘዝ አለ።

ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ተገኘች፣ ማርከሩን እንደጨበጠች። አንዱ የሪዟ ጫፍ ጉንጯ ላይ ወጥቷል፣ ሌላው አፍንጫዋ ሥር ቀርቷል።

«እኔም ገበሬ ነኝ» አለች።

ኤልመር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኒዲያ ዕንባዋ መጣ። ግን የፎቶው ሰዓት ደርሶ ነበርና ቤተ ክርስቲያኑ ለከሰዓት ይቆየን ብለው ባጃጅ ጠርተው ወደ ፎቶ ቤት ከነፉ።

ዶኛ ትራንሲቶ ቀድመው ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሪዝ ነው፣ እማማ። አልለቅ አለኝ።»

«ሴት ልጅ ሪዝ አብቅላ!»

«ግድ የለም፣ ዶኛ ትራንሲቶ» አለ ፎቶ አንሺው ዶን ቺሎ። «ኮምፒውተር ላይ አጠፋዋለሁ፤ ማንም አያውቅባትም።»

ኒዲያ እፎይ አለች። ልጆቹን ከተሳለው ተራራ ፊት አቆመቻቸው፣ ባርኔጣ አቃናች፣ ጉርድ ሳበች። ዳኒሎ የእህቱን ፊት ገና አሁን በደንብ አየው።

«ያንቺ ጠማማ ነው!»

«ያንተ የሽማግሌ ነው!»

ተያዩ፣ ከዚያ ሁለቱም ፈነዱ። ዳኒሎ በሳቅ ሊወድቅ ሲል እህቱ አንገቱን አቀፈችው፤ ዶን ቺሎም ያቺ ቅጽበት አላመለጠችውም፣ ቀጭ አደረጋት። ሰልፍ የቆመው ወላጅ ሁሉ አብሮ ይስቃል።

ስክሪኑ ላይ ሲያዩት ኒዲያ ጠጋ ብላ ፈገግ አለች። ልጆቿን እንዲህ አምረው በፎቶ አይታቸው አታውቅም።

«የልጅቷን ላጥፋው?» አለ ዶን ቺሎ።

«አጥፋው እንጂ!» አሉ ዶኛ ትራንሲቶ። «አጥፍተህ ስጠኝ፤ ዛሬውኑ እሰቅለዋለሁ።»

ኒዲያ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። ኢልሲ ግን ሰምታ ኖሮ ሪዟን በሁለት መዳፏ ሸፍና እናቷን ቀና ብላ ታያለች። ሳቁ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ።

«አይጠፋም» አለች ኒዲያ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ። ግድግዳዎ ላይ ካልሆነ እኔ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዶን ቺሎ፣ ትልቁን አድርገህ አትምልኝ።»

ኤልመር ጫማውን ማየት ጀመረ። ዶኛ ትራንሲቶ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሻላቸውን አጣፉና ወደ በሩ ሄዱ። ደፍ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ብቻ በጣም ከፍ አድርገሽ እንዳትሰቅዪው» አሉ። «ቀና ስል አንገቴን ያመኛል።»