የባፒ እናት ትፈለጋለች

ካልካታ ምን ትመስላለች ብላችሁ እኔን እንዳትጠይቁኝ። እኔ ያየሁት የባሌን ጀርባ ነው። ላብ ያራሰው ነጭ ሸሚዝ፣ ከሸሚዙ በላይ ራሰ በራው፣ ብብቱ ውስጥ የሸጎጠው ጥቁር ጃንጥላ። በእኛ ዘንድ ባል ከፊት ይሄዳል፣ ሚስት ከኋላ ትከተላለች። በመንደራችን የሩዝ ማሳ ድንበር ላይ ይሁን ግዴለም፤ መንገዱም የሚያሳልፈው አንድ ሰው ነው። ሕዝብ እንደ ጉንዳን በሚርመሰመስበት ከተማ ግን ምን የሚሉት አካሄድ ነው?

ከተጋባን ጀምሮ "ካልካታን አሳይሻለሁ" ሲለኝ ኖሮ፣ ልጃችን ባፒ ጢም ካበቀለ በኋላ ለአንዲት ቀን አመጣኝ። ካሊጋት ቤተ መቅደስ ገብተን ገና ለጸሎት እጄን ሳጋጥም "በቃ፣ ውጪ" አለኝ። ሙዚየሙን በሩጫ ጨረስነው። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጋንጋን ወንዝ በጀልባ መሻገር። ለጀልባው የሚሆን ሳንቲም ሳይቀር ከቤት ስነሳ ሳሪዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ነው የመጣሁት። "ማታ፣ ባቡራችን ሳይመጣ" አለኝ። እሺ አልኩ። መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ!

አመሻሽ ላይ ሃውራ ጣቢያ ደረስን። የጀልባው መሳፈሪያ ከጣቢያው ደጃፍ አጠገብ ነው። እዚያ ሳንደርስ አንድ ባቡር ሕዝቡን ዘረገፈውና ያ ጀርባ ከፊቴ ጠፋ። ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ግን ምን ብዬ? የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት ዕድሜውን ታሳጥራለች እየተባልን ነው ያደግነው። "ስሙኝማ!" ብዬ ጮህኩ። ሚስት ሁሉ ባሏን የምትጠራው እንዲሁ ነውና በአካባቢው ያለ ወንድ በሙሉ ዞረ። የኔው ብቻ አልዞረም።

የመመለሻ ትኬቱ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። እንባዬ ሲመጣ ድምፅ ማጉያው ተንቋቋ። "የባፒ እናት! የባፒ እናት ትፈለጋለች! ባለቤትሽ እየፈለገሽ ስለሆነ ወደ መረጃ ክፍል ነይ!"

እየተጋፋሁ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ አራት ሴቶች ቀድመውኛል። እነሱም ባሎቻቸው የጠፉባቸው የባፒ እናቶች ናቸው። ምን ይደረግ፣ ባፒ የሌለበት ቤት የለም! አስነጋሪው ባል ደግሞ ትዕግሥት አጥቶ ሊፈልግ ወደ ሕዝቡ ተመልሶ ገብቷል።

"የማንኛችሁ ባል ነው እሱ?" አለ መነጽራሙ ሠራተኛ። ወደ እኔ ዞረና "የባልሽ ስም ማነው?" አለኝ።

"የባፒ አባት ናቸው።"

"እሱንማ ሰማሁ እኮ! ስማቸውን ንገሪኝ፣ ስም!"

አጠገቤ ያለችው ወፍራም ሴትዮ ሳሪዋን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ "አንተ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሴት ትጠየቃለች? አሳዳጊ የለህም?" አለችው።

"እንግዲያው እዚሁ ክረሙ!"

ውጭ ጀልባው ጡሩምባውን ነፋ። ደሜ ፈላ። እሺ፣ እኔስ ስሙን ብጠራው ይሞታል። የሚስቱን ስም ጠርቶ ሚስቱ የሞተችበት ወንድ ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? ታዲያ በስሜ ቢያስጠራኝ ምን ነበረበት? ማይኩን ከሠራተኛው እጅ መነጨቅኩት።

"ኒባራን ሞንዳል! አንተ ኒባራን ሞንዳል! ሚስትህ መረጃ ክፍል ናት፣ አሁኑኑ ና!"

ሃያ ዓመት የያዝኩትን አንቱታም እዚያው ጣልኩት። ሴቶቹ በኀፍረት ምላሳቸውን ነከሱ። ወዲያው ባሌ ጃንጥላውን እየወዘወዘ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ ደረሰ።

"አንቺ ሴትዮ፣ አበድሽ? በሕዝብ ፊት ስሜን! ልትገድይኝ ነው?"

"ይኸው አልሞትክም። አንተስ ለምን በስሜ አላስጠራኸኝም?"

"የባፒ እናት አስብዬ የለ እንዴ!"

"እነዚህም የባፒ እናት ናቸው። ምረጥ!" ሠራተኛው ሳቁን ማፈን አቃተው። "ስሜን ጥራ አልኩህ። ሳትጠራኝ ከዚህ ወይ ፍንክች!"

መጀመሪያ ያፈረ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ዓይኖቹ ጣሪያው ላይ ሲንከራተቱ አየሁ። ከንፈሩን ላሰ።

"ሺ… ሺባኒ" አለ።

ሺባኒ እህቴ ናት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሩዙን የቀቀልኩለት፣ እግሩን ያጠብኩለት፣ ሲያተኩሰው ግንባሩን ይዤ ያደርኩለት ሰው! ወፍራሟ ሴትዮ እንኳ ነገሩ ገብቷት አንገቷን ደፋች። ማይኩ ገና እጄ ላይ ነበር።

"ቢናፓኒ እባላለሁ" አልኩ። ጣቢያው በሙሉ ሰማ።

ማይኩን አስቀምጬ፣ የሳሪዬን ቋጠሮ እየፈታሁ ወደ ጀልባው መንገድ ጀመርኩ። "ቆይ እንጂ! ባቡሩ ሊያመልጠን ነው! የባፒ እናት!" እያለ ከኋላዬ ይጮሃል።

አልዞርኩም። አራቱ የባፒ እናቶች እዚያው ቆመዋል፤ እነሱ ይዙሩለት።