በቡዜ ክንድ የተለካችው መኪና

የሐጂ አብዱልጀባር የጭነት መኪና ከአርሲ እህል ጭና አዳማ በገባች ቁጥር ሰንበታ ወናፉን ጥሎ ይወጣል። ያን ዕለት ሥራ የሚባል ነገር የለም። ሚስቱ ቡዜ ማጭድ ሊያስቀጠቅጥ የመጣውን ገበሬ «ዛሬ ሙሽራዋ ገብታለች፤ ነገ ና» ብላ ትመልሰዋለች። ሰው ሁሉ መኪናዋን ከብቦ ሲደባብሳት፣ ሰንበታ ብቻውን ከባቡር ጣቢያው አጥር ማዶ ቆሞ ያያል። ሐጂ ከልክለውታል። «ማየቱን እይ፤ እጅህን ግን እንዳታሳርፍባት። ቀጥቃጭ የነካው ሞተር አይነሳም» ብለውታል በሰው ፊት። አገሩ እንዲህ ነው፤ ማረሻውን በሰንበታ እጅ ያሠራል፣ ልጁን ከሰንበታ ዓይን በነጠላ ይሸፍናል። ይህንንም ጥንቃቄ ይለዋል።

ቡዜ በንዴት ጦፈች። ሰንበታ ግን «ካላስነኩኝ የራሴን እሠራለሁ» አለ። «ትንሽዬ፣ ግን ቁርጥ እሷን።»

ለዘውዱ በዓል መታሰቢያ የከተማው ባለሙያ ሁሉ የእጁን ሥራ በጣቢያው መጋዘን እንዲያሳይ ተነግሮ ነበር። ሰንበታ ትንሿን መኪና እዚያ ሊያቀርብ ቆረጠ። ሰው እጁን አንድ ቀን እንኳ ሳይፈራ እንዲያይለት ተመኘ፤ ይህንንም ለቡዜ አልደበቃትም።

መለኪያው ክንዱ ነበር። መኪናዋ ስትሄድ አቧራው ላይ የቀረውን የጎማ ዱካ ተንበርክኮ በክንዱ ይለካል፤ እያንዳንዱን ክንድ ወደ ሦስት ጣት ያሳንሰዋል። የጭነት ሳጥኑ ግን ዱካ የለው! በዚህ ጊዜ ቡዜ የፈሰሰ ስንዴ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ተቀላቀለች። የደከማት መስላ ሳጥኑ ላይ ክንዷን እያጋደመች ከዳር እስከ ዳር ለካችውና ቁጥሩን ለባሏ ነገረችው።

ሰንበታ ወራቱን ሙሉ ቀጠቀጠ፣ ሞረደ፣ ፈለፈለ። ገላዋ ከላምባ ቆርቆሮ፣ ጎማዎቿ ከወይራ እንጨት፣ መብራቶቿ ከነሐስ ቁልፍ ሆኑ። በሮቿ ይከፈታሉ። መሪዋ ሲዞር የፊት ጎማዎቿ አብረው ይዞራሉ። ቡዜ በአንድ ጣቷ መሪዋን አዙራ ባየች ጊዜ እንባዋ መጣ። ሰው የሚሸሸው እንግዲህ ይህን እጅ ነው!

በበዓሉ ቀን ሸማኔውም ኮርቻ ሰፊውም ሥራቸውን ትተው በሰንበታ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰቡ። አንዲት እናት ልጇን ወደ ላይ አንሥታ ታሳየው ጀመር፤ ነጠላዋን ጭራሽ ረስታዋለች። ቡዜ ይህን አይታ ደስታዋን መደበቂያ አጣች። ወዲያው ሐጂ አብዱልጀባር ከሾፌራቸው ከራህመቶ ጋር ገቡ።

ራህመቶ ጎንበስ ብሎ ዞራት። «ሐጂ፣ የኛዋ ናት፤ ጭረቷ እንኳ አልቀረም። ሳጥኗ ግን ረዘመ። እዩት፣ ከኋላ ጎማው አልፎ ወጥቷል» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ተከትሎ ሳቀ።

ቡዜ ክው አለች። ክንዷን አየች፤ የባሏን ረጅም ክንድ አየች። ባልና ሚስት ሆነው ይህን ያህል ሲኖሩ፣ የሷ ክንድ ማጠሩን ለካ አንዳቸውም አላሰቡትም። የሰንበታ አንገት ሲደፋ ግን አልቻለችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ጮክ ብላ። «ሳጥኑን የለካሁት እኔ ነኝ፣ በክንዴ።»

«መኪናዬን ነካሻት?» አሉ ሐጂ ደንግጠው።

«አዎ፣ ደጋግሜ ነካኋት። ራህመቶን ይጠይቁት፤ ከዚያ ወዲህ ቆማብዎ ታውቃለች?»

ራህመቶ አንገቱን አከከ። «እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ዘንድሮ ሠርታ አታውቅም።»

ሐጂ አጎነበሱና የተረፈውን የሳጥን ጫፍ በጣታቸው ዳበሱት፤ ተጫኑት። አልተነቃነቀም። «ይሄ ትርፍ ቦታ በትልቋ ላይ ቢሆን ጆንያ ይይዛል?»

«ብረቱ እንዲህ ከደገፈው ይይዛል እንጂ» አለ ራህመቶ።

«ማሻአላህ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። ሌላ ቃል ሳይጨምሩ የሰንበታን እጅ ይዘው ደጅ ወደቆመችው መኪና ወሰዱት፤ ሰዉ ሁሉ እያየ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አኖሩት። «በል ልጄ፣ እንደ ትንሿ አርዝምልኝ። ለካት።»

ሰንበታ መዳፉን ከእንጨቱ ላይ ሊያነሳው አልፈለገም፤ ቢሆንም አነሳውና ዞረ።

«ቡዜ! ነይ እንጂ። የሚለካው ባንቺ ክንድ ነው።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ቡዜ እጅጌዋን ሰብስባ መጣችና፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል፣ አሁን የደከማት ሳትመስል ክንዷን አጋደመች።