ወደ መንገድ የሚከፈት በር

«ስማቸው በመግቢያው ግንብ ላይ በትልቁ ይጻፋል» አለ የንድፍ አውጪዋ አለቃ፣ ለለቅሶ ቤት በሚመጥን ዝቅ ያለ ድምፅ። ሻዩን ፉት አለ። «ፎቷቸውንም እንሰቅላለን። አንቺ እሺ በይ ብቻ።»

ንድፍ አውጪዋ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። የአባቷ መቃብር አፈሩ ገና አልደረቀም። ወንበሮቹ ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል፤ አክስቷ ሻይ ታዞራለች፤ ጥግ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ስለ ሟቹ ሳል ያንሾካሹካሉ።

«የምን ግንብ?» አለች።

«የአረጋውያኑ መንደር ነዋ። በሚመጣው ሳምንት ለባለሀብቶቹ እናቀርባለን። ‹ንድፉን ያወጣነው ከአረጋውያኑ ጋር መክረን ነው፤ ወኪላቸው የነበሩት እኚህ ናቸው› ስንል አስቢው፤ ልብ ይነካል።»

ልቧ ተነካ፤ እሱ ባሰበው በኩል ግን አይደለም።

አባቷ ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር። ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ ሰፈሩ ሁሉ «ጡሩምባ» ይለዋል። ቢሮዋ የመንደሩን ንድፍ ሲጀምር ለምክር የተጠሩት ሽማግሌዎች፣ ጡሩምባም ጭምር፣ በወረቀት ላይ ያለ ቤት አልታይ ስላላቸው፣ ክፍሎቹን በእውነተኛ ልካቸው በአንድ ባዶ መጋዘን ወለል ላይ በጠመኔ ሣሉላቸው። እነሱም በመስመሮቹ መሃል እየተራመዱ «እዚህ ጠበበኝ፣ እዚያ ራቀኝ» ይሉ ነበር። ጡሩምባ በመጀመሪያው ቀን ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ በኮሪደሩ ሄዶ ሄዶ ግራ ገባው።

«ጠዋት ስነሳ የማየው ማንን ነው?»

«አትክልቱን ነዋ አባባ» አለችው ልጁ። «መንገዱ ጫጫታ ስላለው በሩ ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል።»

«አትክልቱ ደህና አደርክ ይለኛል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አለቃዋም ሳቀ። ጡሩምባ ግን ቀልድ አልያዘም። የግንቡን መስመር በጫማው ሶል ፈግፍጎ በመንገዱ በኩል በር አወጣ።

«እኔ ያረጀሁት ሰው ሲወርድ ሲሳፈር እያየሁ ነው። አሁን ከጽጌረዳ ጋር ልትቆልፉብኝ ነው?»

በማግስቱ መስመሩ ተመልሶ ተሥሎ አገኘው። አጠፋው። ሣሉት። ደግሞ አጠፋው። እንዲህ ሲጓተቱ ከርመው አንድ ቀን «ደክሞኛል፣ ከእንግዲህ አልሄድም» አላት። በሽታው ነው ብላ አመነችው።

«አባቴ እኮ በሩን ሳያስወጣ ነው የሞተው» አለች አሁን።

«ሐሳባቸውን ሰጥተዋል፤ ተመክሮበታል። ኋላ ራሳቸው ቀሩ።»

«ቀሩ?» አለ ከጎኗ የተቀመጠው ሽማግሌ። ፍሬን ይሉታል፤ ከጡሩምባ ጋር አብሮ ነድቶ አብሮ ጡረታ የወጣ፣ ያኛው ሲጮህ ይሄኛው ሲያቆመው የኖረ ሰው ነው። «ጆሮዬ ደክሟል መሰለኝ። ማን ነው የቀረው?»

«ጋሼ፣ ይተዉት አሁን» አለች አክስቷ።

«ምኑን ልተወው? መጋዘኑ ድረስ አብረን ሄደን ነበር። ዘበኛው እኔን ግባ አለኝ፤ እሱን ግን ‹እርስዎን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ› አለው። እሱን ትቼ የት ልገባ? ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ያ ሁሉ ድምፅ። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ብቻ ‹ለልጄ እንዳትነግራት፤ የምትኖርበት ሥራ ነው› አለኝ።»

ንድፍ አውጪዋ ቀና አለች። ከቀብሩ ወዲህ የሰው ፊት አተኩራ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እውነት ነው?»

«ሥራ ማስተጓጎል ጀምረው ነበር» አለ አለቃዋ፣ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ እያስቀመጠ። «አንቺም ታውቂያለሽ። በመጡ ቁጥር መስመር እያጠፉ…»

«በቁሙ ከበር መለሱት» አለች ንድፍ አውጪዋ። «ሲሞት በር ላይ ሊጽፉት መጡ።»

«ለክብራቸው ብለን እኮ ነው።»

«ለክብሩ ከሆነ በመንገዱ በኩል በር ያውጡለት።»

«ንድፉ ጸድቋል።»

«እንግዲያው ስሙ አልጸደቀም። ስሙንም ፎቶውንም አልሰጥም። ‹መክረናቸዋል› ብላችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ እዚያው ተነስቼ ዛሬ የሰማሁትን እናገራለሁ።»

«ሐዘን ላይ ነሽ። ቆይተን እንነጋገራለን።»

«ሐዘን ላይ መሆኔ አሁን ገና ታወሰዎት?»

አለቃው ተነሳ። ለተቀመጠው ሁሉ እጅ ነስቶ ወጣ። ልሸኝዎ ብሎ ከወንበሩ የተነሳ አልነበረም።

«ጉድ ፈላ» አለች አክስቷ፣ የተረፈውን ሻይ እያነሳች። «ሥራሽም በዚያው ሄደ በይ።»

«ይሂድ አይሂድ እንጃ» አለ ፍሬን። «አባቷ ቢሆን ግን እስከ ሰፈሩ መጨረሻ እየጮኸበት ይሸኘው ነበር።»

ንድፍ አውጪዋ ሳቅ መጣባት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ፍሬንም ሊሄድ ፈለገ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነበርና ጉልበቱ እምቢ አለው። ንድፍ አውጪዋ እጇን በክንዱ ሥር አግብታ ቀስ አድርጋ አስነሳችው። ሽማግሌው ኮቱን አስተካከለ፤ ኮፍያውን ደፋ።

«በቃ ልጄ፣ ቆሜያለሁ እኮ» አላት።

እሷ ግን ክንዱን አልለቀቀችም።