የማየን ወንዝ ዳርቻና የአቶ ሰርፀ ዕድሜ

አቶ ሰርፀ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ መኪና ነድተዋል፤ መንገድን ግን ወድደው አያውቁም። የሆቴል እንግዶችን ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ካዚኖዎቹ በር በሚያመላልሱበት ሚኒባስ ውስጥ፣ መንገድ ለእርሳቸው ጥሩምባ፣ ሽሚያና ስድብ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2020 የጸደይ ወራት የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ሁሉ በኮሮና ምክንያት ተዘግተው በከተማዋ ዳር ዊትኒ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ሥራ ፈትተው በተቀመጡ ጊዜ፣ ልጃቸው ሐሌሉያ በስልኳ ያሳየቻቸው ነገር ልባቸውን እንደዚያ መግዛቱ አያስደንቅም።

ሐሌሉያ እዚያው ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ በጎረቤት ከተማ ሄንደርሰን ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ልባቸው የታከሙ ሕሙማንን እንቅስቃሴ የምታለማምድ ወጣት ነርስ ናት። ተማሪ ሳለች ፈረንሳይ አገር፣ አንዤ በተባለች ከተማ ስድስት ወር ቆይታ ነበር። ያሳየቻቸውም ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሚፈሰውን የማየንን ወንዝ ነው። ከውኃው ጥቂት እርምጃ ርቆ አንድ ጠባብ መንገድ ወንዙን እየተከተለ ይሄዳል። ቀድሞ ሰዎችና ፈረሶች ጭነት የያዙ ጀልባዎችን በገመድ የሚጎትቱበት ነበር። ጀልባዎቹ ሥራ ሲፈቱ የአገሩ ሰዎች መንገዱን ለመኪና አልሰጡትም፤ ለእግረኛና ለብስክሌት ተዉት። አቀበት የለው፣ ቁልቁለት የለው። ውኃውን እየገደቡ ጀልባ በሚያሳልፉት በሮች አጠገብ የጠባቂዎቹ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች በአበባ ተከበው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ዛሬ ለመንገደኛ ምሳ ያቀርባሉ። በሣሩ ላይ ላሞች ተኝተዋል። መንገዱ በሚከፈልበት ስፍራ እንግዳ እንዳይሳሳት ምልክት ተተክሏል።

«መኪናው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» ሲሉ ጠየቁ።

«መኪና የለም ዳዲ። ዜሮ።»

«የጭነትስ?»

«ኖ። ብስክሌት ብቻ። ሰው ብቻ።»

አቶ ሰርፀ ስልኩን ከእጇ ወስደው ደግመው ተመለከቱት። እርሳቸው የሚያውቁት ከተማ ያማረውን ቦታ ሁሉ ይበልጥ ለሚያበራና ይበልጥ ለሚጮኽ የሚሰጥ ከተማ ነው። ከወንዙ ዳርቻ የተሻለውን ለፈጣኑ ሳይሆን ለዘገምተኛው ያስቀረ ሕዝብ እንዴት ያለ ሕዝብ ይሆን? ይህ የሀብት ሥራ አልመሰላቸውም፤ ራስን የመግዛት ሥራ መሰላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየንን ካርታ መላልሰው አጠኑት፤ ያላዩትን ወንዝ መታጠፊያ በመታጠፊያ አወቁት።

ድንበር ቢከፈት በመጪው ዓመት፣ በ2021 መስከረም፣ አባትና ልጅ አብረው ሊሄዱ ተስማሙ። ሐሌሉያ ግን ሐሳብ ገባት። «ዳዲ፣ አንተ ሰባ ዓመት ልትሆን ነው። በቀን አሥር ማይል፣ ከዚያ ረፍት። ኦኬ?» አለች። አቶ ሰርፀ በዚያ ቀን ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ አልነገሯትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአቶ ሰርፀ ዕድሜ ሁለት ነበር፤ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የአካል። የዲቪን ፎርም አዲስ አበባ ተቀምጠው ሲሞሉ፣ የተወለዱበትን ዓመት እንደሚያውቁት 1951 ብለው ጻፉ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጥ እንደነበረበት የነገራቸው አልነበረም። ዕጣው ደረሳቸው፤ ፓስፖርቱም ፎርሙን ተከትሎ ወጣ። ስሕተቱን ካወቁ በኋላ ደግሞ፣ ካረምሁት ወደ አገሬ ይመልሱኛል ብለው ፈሩ። በአንድ የብዕር ጭረት ስምንት ዓመት አረጁ። ሚስጥሩን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ትብለጥ «የአንተስ ይሁን፤ የሽማግሌ ሚስት እየተባልሁ እኔ ምን በወጣኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ለልጃቸው ግን ትምህርት ቤት ሄዳ እንዳትናገር ብለው በሕፃንነቷ ደበቋት፤ ካደገች በኋላም ሳይገልጡላት ቀሩ።

ጡረታውን በወረቀቱ ዕድሜ አልጠየቁም፤ «ያልኖርሁትን ዓመት አልበላም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በጥር 2021 የኮሮና ክትባት ሰባ ዓመት ለሞላቸው ሲፈቀድ ግን ይህን ቃላቸውን አላከበሩም። ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ቀብረው ነበርና ፍርሃት በረታባቸው፤ ምርኩዝ ከያዙ አዛውንት ኋላ ተሰልፈው ተወጉ። ሰልፉ ላይ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

በሚያዝያ ሐሌሉያ አባቷን ልትፈትን ሄንደርሰን ወሰደቻቸው። እዚያ በሪቨር ማውንቴንስ ተራሮች ዙሪያ ሠላሳ አራት ማይል የሚሄድ፣ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ አለ፤ ከተራሮቹ ማዶ ባለው ሐይቅ በኩል ያለው አቀበት ጎልማሳውንም ያስለከልካል። አቶ ሰርፀ ሳይወርዱ ወጡት። ሐሌሉያ ከኋላ ደርሳ ራሷን ነቀነቀች።

«ሰባ ዓመት። አንሪል ነህ ዳዲ።»

በልጅ መደነቅ ጣፋጭ ነገር ነው። አቶ ሰርፀ ቀመሱት፤ ሊተፉትም አልቻሉም። ልጅቱ ፎቶግራፋቸውን ለሆስፒታሉ ሰዎች ሁሉ አሳየች፤ ለምታለማምዳቸው ሕሙማንም አወራች።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ማለዳ አባትና ልጅ ለልምምድ ከዚያው መንገድ መነሻ ሲደርሱ፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ብስክሌት ይዘው ቆመው አገኙ። የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት አዲስ የራስ ቁር አጥልቀዋል። ከሐሌሉያ ሕሙማን አንዱ፣ አቶ ወንድይራድ ናቸው፤ ልባቸው በቀዶ ሕክምና ከታከመ ገና አራተኛ ወራቸው ነው።

«ባለ ሰባ ዓመቱ እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እንደምን አደሩ» አሉ አቶ ሰርፀ።

«ልጅዎ እርስዎን አውርታ አትጠግብም። እኔ ሰባ አንድ ነኝ። በአንድ ዓመት ልበለጥ እንዴ ብዬ መጣሁ። ብስክሌቱ የአማቼ ነው፤ አላስፈቀድሁትም፤ ተኝቷል።»

ሐሌሉያ ደነገጠች። «አቶ ወንድይራድ፣ እኔ ፍላት መንገድ ነው ያልኩት። ይሄ ትልቅ ሂል አለው።»

«አባትሽ አልወጡትም?»

«ወጥቷል፣ ግን...»

«ታዲያ በሰባ የተቻለ በሰባ አንድ ምን ይከለክለዋል? ያልሽኝ እኮ አንቺ ነሽ።»

ልጅቱን የገዛ ቃሏ አሰራት። ጥቂት አመነታችና «ኦኬ። ግማሹን ብቻ። ስሎው» አለች።

አቶ ወንድይራድ ብስክሌቱ ላይ ሊወጡ ሲያጎነብሱ የሸሚዛቸው አንገት ተከፈተ፤ ከጉሮሯቸው ሥር የሚጀምረው የስፌት ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። አቶ ሰርፀ ጠባሳውን አዩ፤ አቀበቱንም አሰቡት። ዝም ቢሉ የልጃቸው አድናቆት ለእርሳቸው ይቆያል፤ ይህ ሰው ግን በእርሳቸው ሐሰተኛ ዕድሜ ተመርኩዞ ተራራ ሊወጣ ነው። እጃቸውን ዘርግተው የሽማግሌውን ብስክሌት ያዙ።

«እኔ ሰባ አይደለሁም» አሉ። «ስልሳ ሁለት ነኝ። ፎርሙን የሞላሁት በኢትዮጵያ ዘመን ነው።»

ለአቶ ወንድይራድ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። «የኔ ታናሽ ወንድም እዚህ አገር በወረቀት ታላቄ ነው» አሉና ብስክሌቱን ለቀቁላቸው። ወዲያው ደግሞ አስተዋሉ። «ቆይ፤ እንግዲያው ዘጠኝ ዓመት ከሚያንሰኝ ልጅ ጋር ተፎካክሬ ልሞት ነበር? እኔ ደግሞ አንቱ እልሃለሁ።»

ሐሌሉያ አልሳቀችም።

«ማሚ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ቫክሲኑስ?»

«ተራዬ ሳይደርስ ወሰድሁ።»

«ጃንዋሪ ላይ የኔ ፔሸንቶች እየጠበቁ ነበር ዳዲ። ሰማንያ ዓመት የሆኑ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ፈራሁ ማለት ለእነዚያ ሰዎች ምን ይረባቸዋል? በልጃቸው ዓይን ውስጥ ለአንድ ወር ያዩት ብርሃን ሲጠፋ አዩ፤ የሚገባቸው እንደሆነም ዐወቁ። «ፈረንሳዩን ከጓደኞችሽ ጋር ብትሄጂ አልቀየምሽም» አሉ በመጨረሻ።

«ስለ ፈረንሳይ አላውቅም። ሰኞ ግን ሆስፒታል ትመጣለህ። እኔ ነኝ ለሁሉም ያወራሁት። አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ።»

«እመጣለሁ።»

ብስክሌቶቹን በመኪናዋ ላይ ጭና ሁለቱን ወደ ዊትኒ መለሰቻቸው። እዚያ የከተማው ውኃ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት ረግረግ አለ፤ በዳሩም ሸንበቆ የከበበው ሜዳ መንገድ። አቶ ወንድይራድ ከፊት ሆኑ፤ አቶ ሰርፀ ከኋላቸው፤ ሐሌሉያ ከሁሉም ኋላ።

ሽማግሌው የሚሄዱት በእግረኛ ፍጥነት ነው። በየአግዳሚ ወንበሩ ይወርዳሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ አማቻቸውን ያማሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። አቶ ሰርፀ ተራራ ሲወጡ ያልደከሙትን ያህል እግራቸውን በመግታት ደከሙ። አንዴ ፔዳሉን ረገጥ ቢያደርጉ፣ «ቀስ በል አንተ ልጅ» የሚል ድምፅ ከፊት መጣ። ቀስ አሉ። ቀስ ሲሉም በሸንበቆው መካከል ዳክዬዋ ከነጫጩቶቿ ስታልፍ አዩ፤ የውኃውንም ድምፅ ሰሙ። ዓመት ሙሉ በካርታ ሲያደንቁት የኖሩት መንገድ ያን ጊዜ ገባቸው። ያ መንገድ የተተወው የእርሳቸው ዓይነት ጉልበት እንዲታይበት አልነበረም፤ ይህን የመሰለ የተሰፋ ልብ ያለው ሰው ያለ ስጋት እንዲያልፍበት ነው። ያልኖሩትን ስምንት ዓመት ለራሳቸው ክብር ሲያውሉት፣ ዕድሜውን በእውነት ለኖሩት የተጠበቀውን ቦታ እየተሻሙ ኖረዋል።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲያርፉ ሐሌሉያ ስልኳን አውጥታ የማየንን ካርታ ከፈተች፤ ለአባቷ ሳይሆን ለአቶ ወንድይራድ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«አቀበት የለውም?»

«የለውም። መኪናም የለውም። ሴፕቴምበር ላይ ምን አለዎት?»

«ሐኪሙ ከፈቀደ ምንም የለኝ።» በአገጫቸው ወደ አቶ ሰርፀ አመለከቱ። «ይኼ ልጅ ከመጣ ግን ከኋላዬ ነው የሚሄደው።»

ሐሌሉያ አባቷን ከጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ይመጣል» አለች። «የሁላችንንም ሻንጣ ይይዛል።»

አቶ ሰርፀ ተነሥተው የሽማግሌውን ብስክሌት ያዙላቸው።