ከላይ የጻፍኩት መስመር

«እማ፣ ያስተካከልኩትን ለምንድን ነው የማያይልኝ?»

ልጄ ይህን የጠየቀችኝ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ጥፍሯን እየበላች ነው። እኔ ራሴ ገና ፊደል ቆጣሪ ነኝ። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ ተኳሽ ነኝ፤ ድሮ የማን ሸሚዝ የማን እንደሆነ የማውቀው አንገትጌው ላይ በማስረው ባለቀለም ክር ነበር። በዚያን ጊዜ ክሩን ትቼ የደንበኞቹን ስም በጣቴ እየተከተልኩ ለማንበብ እታገል ነበር።

ልጄ ደግሞ ፕሮግራም መጻፍ ትማራለች። እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ የጻፈችውን ለማሽኑ እንዲገባው አድርጎ የሚለውጥ ኮምፓይለር የሚባል ነገር አለ። አንድ ነገር ካልጣመው አልለውጥም ብሎ በቀይ ጽሑፍ ይወቅሳታል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሆነም ይነግራታል። ያን ሰሞን የሚወቅሳት ስለ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ታርማለች፣ ታስቀምጣለች፣ እንደገና ትሞክራለች፤ ያው ወቀሳ፣ ያው መስመር። ሌላ ከተማ ላለው የሥልጠና ተቋም ሰኞ ጠዋት የሚሠራ ፕሮግራም ካልላከች ቦታዋ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ጥያቄውን ለእኔ ያቀረበችው ሌላ የምትጠይቀው ሰው ስላልነበረ ነው። ባለመነጽሯ ቤት አልነበረችም፤ ዘመድ ልትጠይቅ ወጥታለች።

ባለመነጽሯ የምላት የኋላ ክፍላችንን የተከራየችውን ሴት ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠራው ይህንኑ የፕሮግራም ሥራ ነው። ጨዋ ናት። ድምፅ አታሰማም፣ ደጃፏን ሳይነገራት ትጠርጋለች፣ እኔን አንቱ ትለኛለች። እሷን የምጠላበት ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ እሱም አናደደኝ።

ልጄ ከሱቅ ሥራዋ ስትመለስ ቦርሳዋን እኔ አልጋ ላይ ወርውራ ወደ ኋላ ክፍል ትሮጣለች። ሳቃቸው በግድግዳው ያልፋል። ከማሽን ጋር ተፋጦ መዋል ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ። አንድ ቀን ብጠራት «እታለም ጋ ነኝ» አለችኝ። እታለም! እኔ ለዚህች ልጅ ታላቅ እህት አልወለድኩላትም። በማግስቱ ያን ቃል ሳመነዥክ ውዬ፣ የሰው ሸሚዝ ላቃጥል ምንም አልቀረኝም።

በማታ ትምህርት ከጎኔ ለሚቀመጠው ዘበኛ ባወራለት ሳቀብኝ። «ሰው ባሌን ተነጠቅኩ ብሎ ይቀናል፣ አንቺ በአስተማሪ ትቀኛለሽ» አለ።

እሱ ያላወቀው ነገር ነበር። የባለመነጽሯ መሥሪያ ቤት በወሩ መጨረሻ ሥልጠናው ወዳለባት ከተማ ሊያዛውራት ነው። ስለ ሥልጠናው ለልጄ የነገረቻትም እሷ ናት። ልጄ ካለፈች አንድ ቤት አብረው ሊኖሩ ተስማምተዋል። «አትጨነቂ እማ፣ ብቻዬን አይደለሁ፣ እታለም አለች» አለችኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ደግሞ ያው ነበር።

ስለዚህ በዚያ እሑድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ልቤ ከኮምፓይለሩ ጋር ወግኖ ነበር።

ልጄ ለባለመነጽሯ ስልክ ደወለችላት። የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ እዪ፣ ማታ እመጣለሁ ብላታለች። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ያው አንዱ ነው። ልጄ ስልኩን አስቀምጣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ፊቴን ታጥቤ ትንሽ ንፋስ ወስጄ ልምጣ ብላ ወጣች።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። የቤት ሥራዬን እንድለማመድበት ብላ የአማርኛ ፊደል ጭናልኛለች፤ እንዴት እንደሚለወጥም አሳይታኛለች። ጽሑፏ እንደተከፈተ ነበር። አየሁት። ባዕድ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ነጥብ። ይህኛውን ባለመነጽሯ አሳይታታለች፣ ያኛውን ባለመነጽሯ አርማላታለች፤ እኔ የለሁበትም። ገጹ አናት ላይ ግን አንድ ባዶ መስመር ነበር። ፊደል በፊደል እየለቀምኩ እንዲህ ጻፍኩበት፦

የዚህች ልጅ እናት እኔ ነኝ

ልደልዘው ነበር ሐሳቤ። የበሩን ድምፅ ስሰማ የመደለዣው ቁልፍ ጠፋብኝና ብድግ አልኩ።

ልጄ ቀና ብላም አላየች። ቀጥታ ወደዚያ ክፉ መስመር ወርዳ አንድ ነገር ለወጠች፣ አስቀመጠች፣ ሞከረች። ያው ወቀሳ፣ ያው መስመር። በረጅሙ ተነፈሰች። ከመጀመሪያው ላንብበው ብላ ወደ ላይ ስትወጣ፣ የእኔ ነገር ተገተረባት።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«የቤት ሥራ ነው» አልኩ።

ደግማ አነበበችው። «ለእታለም ነው አይደል?» አለች ቀስ ብላ።

ተቆጥታ ታጠፋዋለች ብዬ ስጠብቅ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ቆይ ቆይ። ይሄ እኮ ፕሮግራም አይደለም። ኮምፓይለሩ እዚህ ጋ መጮህ ነበረበት።»

«አልጮኸም?»

«አልጮኸማ። አላየውማ!»

ከእኔ ጽሑፍ ሥር ደግሞ ትርጉም የሌለው ነገር ደርድራ ሞከረች። ኮምፓይለሩ ስለ እሷም፣ ስለ እኔም ምንም አላለ፤ አሁንም ስለዚያው መስመር ይነዘንዛል። ያኔ ነገሩ ገባት። እየተነሳች እየተቀመጠች አስረዳችኝ። ባለፈው ኋላ ክፍል ሆነው ፕሮግራሙን ለመሞከር በባለመነጽሯ ፍላሽ ላይ ገልብጠውት ነበር። ፍላሹ አሁንም ከላፕቶፑ ጎን እንደተሰካ ነው። ከዚያ ወዲህ የምትሰጠው ትእዛዝ የፍላሹን ቅጂ አንብብ የሚል ነው፤ አንድ ቁልፍ ተጭና ትደግመዋለች እንጂ ትእዛዙን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። ስታርም የከረመችው የራሷን ቅጂ ነው፤ እሱ የሚያነበው የዚያኛውን ክፍል።

«እሱም እንዳንቺ ዓይኑ ኋላ ክፍል ነዋ» አልኳት።

ሳቀች። በግድግዳ የምሰማው ያ ሳቅ ነበር፤ አሁን ግን ፊት ለፊቴ ነው። እኔንም አሳቀኝ።

ትእዛዙን ወደ ራሷ ቅጂ አዞረችው። ኮምፓይለሩ ይሄን ጊዜ በቀይ ተነስቶ ጮኸ፤ መጀመሪያ የጮኸውም እኔ በጻፍኩት ላይ ነው። «አየሽ? አሁን እያነበበ ነው» አለችኝ። የራሷን ዝባዝንኬ አጠፋች። እጇ ወደ እኔ መስመር ሲሄድ ያዝኩት።

«እኔ ላጥፋው።»

ቁልፉን አሳየችኝ። ያ መስመር እዚያው ካለ ፕሮግራሙ እንደማይሠራ፣ ከጠፋ ደግሞ እንደምትሄድ አውቃለሁ። ከኋላ ጀምሬ «ነኝ»ን አጠፋሁ፣ «እኔ»ን አጠፋሁ፣ «እናት»ን አጠፋሁ። ልጄ አላጣደፈችኝም። ሲያልቅ ሞከረችው። ቀይ ጽሑፍ የለም። ፕሮግራሙ ሠራ።

ማታ ባለመነጽሯ ስትመጣ፣ ልጄ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ሮጠች። ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጣል አደረግኩ። «እማ ናት'ኮ ያስገኘችልኝ!» ስትል ሰማሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የእኔን ታሪክ እንኳ ለእሷ ስታወራላት ቀናሁ።

ልጄ አለፈች። ወሩ ሳያልቅ የባለመነጽሯ ዝውውር መሰረዙን መሥሪያ ቤቷ አስታወቀ። ልጄ በምትሄድበት ጠዋት የሻንጣዋን አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ጫፍ ባለመነጽሯ ይዘን እስከ አውቶቡሱ ሸኘናት። ተመልሰን በር ላይ ስንደርስ «ሻይ ላፍላልዎት?» አለችኝ፤ እኔ አፈላለሁ አልኳት።

ልጄ ሄደች። ባለመነጽሯ ኋላ ክፍል ቀረች።